ከሁለቱ ወንበሮች ኋላ

በሥራ ዘመኔ እኔ የተናገርኩትን ያህል “እኔ” የሚል ቃል የተናገረ ሰው ካልጋሪ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። “እኔ በመንግሥቴ ስም” ብያለሁ። “እኔ በዚህ አልስማማም” ብያለሁ። “እኔ ከዚህ የጣመ ምሳ በልቼ አላውቅም” ብያለሁ፤ ያን ዕለት ግን ምሳ አልበላሁም ነበር። ሥራዬ አስተርጓሚነት ነው፤ ከቻይንኛ ወደ ትግርኛና አማርኛ፣ ከእነሱም ወደ ቻይንኛ፤ ካልጋሪ ከመጣሁ ደግሞ ከቻይንኛ ወደ እንግሊዝኛ። ደህና አስተርጓሚ “እሳቸው እንዲህ ይላሉ” አይልም፤ የሰውየውን ቃል ተቀብሎ “እኔ” እያለ ይናገራል። አሁን ግን ጡረታ ወጥቻለሁ። ይህን የምጽፈው በራሴ “እኔ” ስለሆነ፣ አልፎ አልፎ ብደነቃቀፍ አትፍረዱብኝ።

ጡረታ ወጣሁ ስል በክብር የተሸኘሁ እንዳይመስላችሁ። የዘይት ዋጋ ወድቆ የዳውንታውን ፎቆች ባዷቸውን በቀሩበት ሰሞን ከሥራ ከተሰናበቱት አንዱ ነኝ። ዕድሜዬ ስለደረሰ ነገሩን ጡረታ ብዬ ጠራሁት። ልጄ “ባባ፣ ሌይ ኦፍ ነው የሆንከው” ትለኛለች። “ሁለቱም ያው ቤት መቀመጥ ነው” እላታለሁ።

ቤት መቀመጡን ግን አልቻልኩበትም። ምክንያቱ ሥራ መፍታቴ አይደለም። ከሃያ ዓመት በፊት፣ በአዲሲቱ ኤርትራና በቻይና መካከል በተደረገ አንድ ስብሰባ ላይ፣ ሳልናገራት ያስቀረኋት አንዲት አጭር ንግግር አለች። በእሷ ምክንያት ሕይወታቸው የተጣመመባቸው ሴት ዛሬ እዚሁ ካልጋሪ፣ ካስልሪጅ ሰፈር ይኖራሉ። እትዬ ምሕረት ይባላሉ። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እንገናኛለን፤ እጃቸውን እጨብጣለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ግን አያውቁም ነበር። ሥራዬን ባጣሁ በሳምንቱ ለእሳቸው ለመናገር ቆረጥኩ። እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ከመጀመሪያው ልናገር።

አስመራ ተወልጄ በአማርኛ የተማርኩ ሰው ነኝ። ቤጂንግ የተላክሁት ሕክምና እማራለሁ ብዬ ነበር። እዚያ ስደርስ አንዲት መነጽር ያደረጉ ሴት ወረቀት አገላብጠው “አንተ ቋንቋ ነህ” አሉኝ፤ ቋንቋ ሆንኩ። ከዚያ አዲስ አበባ ተመልሼ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የትራክተርና የውኃ ፓምፕ መመሪያ ስተረጉም ኖርኩ። ደመወዙ ለወሬ አይበቃም። የፓምፕ መመሪያ ግን አንድ ነገር አስተምሮኛል፤ አንዲት “አትንካ” የምትል ቃል ከዘለልክ የሰው ጣት ይቆረጣል። ይህን እያወቅሁ ነው ኋላ የሳትኩት።

ነጻነት ሲታወጅ አስመራ ገባሁ። የውጭ ጉዳይ ሥራውን ከሚመሩት አንዱ የቀድሞ ታጋይ ነበር፤ ሁሉም ወዲ ገብሩ ይለዋል፤ የገብሩ ልጅ እንደማለት ነው። በአንቱ የጠራው ሰው ያስቆጣዋል። ቢሮው ውስጥ አንድ ጠረጴዛና ሦስት የማይመሳሰሉ ወንበሮች ነበሩ። እሱ ራሱ ከበረሃ ይዞት የመጣውን የላስቲክ ሰንደል አላወለቀም።

“ለእነሱ ስትሠራ ነበር፤” አለኝ ፋይሌን እያየ።

“የፓምፕ መመሪያ ነው የተረጎምኩት።”

“ሌላ ቻይንኛ የሚያውቅ ሰው አለ?”

“እኔ አላውቅም።”

“እኔም አላውቅም። እንግዲያው ተቀመጥ።”

የተቀጠርኩት በዚህ ነው።

ቻይና ነጻነታችንን ቶሎ ካወቁት አገሮች አንዷ ነበረች። ያች ግዙፍ ኮሚኒስት አገር፣ እኛ ደግሞ መንግሥት ከሆንን ወራት ያልሞላን። ወዲ ገብሩ ስለ ኃያላን የራሱ አቋም ነበረው። አንደኛዋ ኃያል ኮሚኒስት አገር ለጠላቱ ታንክ ስታቀርብ አይቷል፤ የሁለተኛይቱን መጻሕፍት ደግሞ በረሃ ላይ በኩራዝ አንብቧል። “እነዚህን እወዳቸዋለሁ፤ አላምናቸውም፤” ይለኝ ነበር። “አንተ ቃሌን ብቻ አድርስልኝ፤ መውደዱንና አለማመኑን እኔ እጨርሰዋለሁ።”

የመጀመሪያው ስብሰባ ቀን እንዲህ ሆነ። በእነዚህ ጉዳዮች ወግ እያንዳንዱ ወገን የራሱን አስተርጓሚ ይዞ ይመጣል። ሁለት ትልልቅ ወንበሮች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ከእያንዳንዱ ኋላ ትንሽ ወንበር አለች፤ አስተርጓሚው የሚቀመጠው እሷ ላይ ነው። እኔ የወዲ ገብሩን ቃል ወደ ቻይንኛ እመልሳለሁ፤ የእነሱ ሰው የእንግዳውን ቃል ወደ እኛ ቋንቋ ይመልሳል። የእነሱ ሰው ቀጭን፣ ጆሮዎቻቸው ሰፋ ያሉ አዛውንት ነበሩ። እንግዳው ንግግሩን ሲጨርስ ጉሮሯቸውን ጠረጉና በጠራ አማርኛ “ክቡር ሆይ፣ በቅድሚያ እንኳን ደስ አላችሁ” አሉ።

ሁሉም ወደ ወዲ ገብሩ ዞረ። በዚያ ወቅት በዚያ ቢሮ አማርኛ ማለት ምን ማለት እንደነበር ለሚያውቅ መንገር አያስፈልግም። ትግርኛ የሚያውቅ ቻይናዊ አልነበረምና፣ ከቤጂንግ አማርኛ የተማሩትን ሰው ነበር የላኩት። ወዲ ገብሩ ሰንደሉን አንዴ መሬት ላይ ፈተገና ሳቀ። እሱም በአማርኛ “አማርኛ ምን አደረገን? ያደረገን ሰው ነው። ይቀጥሉ፤” አላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሁለቱ አገሮች ጉዳይ በግማሹ በአማርኛ ሄደ። ይህን ጽሑፍ በአማርኛ የምጽፈውም ስለዚህ ነው፤ የሥራ ቤታችን ቋንቋ እሱ ነበር።

እኚያ ሰው ሱን ይባላሉ። የአገራቸው ሰዎች ላኦ ሱን ይሏቸዋል፤ ላኦ ማለት እኛ ጋሼ እንደምንለው ነው። እኔ በቀጥታ ጋሼ ሱን አልኳቸው፤ ወደዱት። እኔን “ሺያኦ ተስፋይ” ይሉኛል፤ ትንሹ ተስፋይ ማለታቸው ነው፤ ያኔ ጸጉሬ መሳሳት ጀምሮ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሁለት ትልልቅ ወንበሮች ኋላ ተቀምጠው ያረጁ ሰው ናቸው። የማውቀውን ሙያ አብዛኛውን ከእሳቸው ነው ያገኘሁት፤ በወግ ግን የሌላው ወገን ሰው ነበሩ።

ልማዶቻቸውን ልንገራችሁ። በእርሳስ እንጂ በእስክሪብቶ አይጽፉም፤ “እስክሪብቶ ልክ ሚኒስትሩ ሲናገሩ ይደርቃል” ይላሉ። ሁለት እርሳስ ደረት ኪሳቸው ውስጥ፣ ሁለቱም በቢላዋ የተቀረጹ። የማስታወሻ ደብተራቸውን ገጽ መሐል ለመሐል ያጥፉታል፤ በግራ የተናጋሪውን ቁጥርና ስም ብቻ፣ በቀኝ ሐሳቡ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳዩ ምልክቶች። “ቃሉን ራስህ ይያዝ፤ ቁጥር ግን ራስ አይይዝም” ይላሉ። ግብዣ ካለ ቤታቸው በልተው ይመጣሉ፤ አስተርጓሚ ገበታ ላይ አፉ ለሌላ ሰው ነው። በቴርሞስ የሚይዙት ባዶ የፈላ ውኃ ነው፤ ሻይ ቅጠል እንኳ የለውም።

ቁጥር ያሠቃየኝ ነበር። ቻይናዎች ትልቅ ቁጥር የሚቆጥሩት በሺህ ሳይሆን በአሥር ሺህ ነው። “መቶ ሃያ አሥር ሺህ” ሲሉ አንተ ሳታስብ “አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ” ማለት አለብህ። ጋሼ ሱን ከሥራ በኋላ በዘንባባዎቹ ሥር እያንሸራሸሩ የሚያልፈውን መኪና ታርጋ ሁሉ በቻይንኛ ያስጠሩኝ ነበር። የአስመራ ሰው አንድ ቻይናዊ አዛውንትና አንድ ሐበሻ ፊያት ባየ ቁጥር ሲጯጯሁ እያየ ምን ይል እንደነበር እንጃ።

ከሁሉም የበለጠው ልማዳቸው ማመሳከር ነበር። ስብሰባው ሲያልቅ፣ ቃለ ጉባኤው ከመፈረሙ በፊት፣ ሁለታችን ኮሪደር ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጠን ደብተሮቻችንን እናስተያያለን። “አለቃህ ምን አሉ? የእኔ ሰው ምን አሉ?” በአማርኛ፣ ድምፅ ዝቅ አድርገን። አለቆቻችን ሲጋራቸውን ያጨሳሉ፤ እኛ የተነገረውን እናጠራለን። ያን ማመሳከር ማንም አላዘዘንም፤ እሳቸው ያመጡት ነው። አንድ ቀን ለምን ይህን ያህል እንደሚጨነቁ ብጠይቃቸው፣ ከመጽሐፍ የተማሩትን አማርኛ ቀጥ አድርገው “የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ” አሉኝ። ቻይናዊ አፍ ውስጥ ስሰማው ገረመኝና ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በሁለተኛው ዓመት የቻይና የሕክምና ቡድን እንዲመጣልን ንግግር ተጀመረ። ወዲ ገብሩ ግን ሐኪም መቀበል ብቻ አልበቃውም። በረሃ ላይ፣ ከመሬት ሥር በተቆፈሩ ክፍሎች ውስጥ ቁስለኛ ሲሰፉና እግር ሲቆርጡ የኖሩ ታጋዮች ነበሩ፤ እጃቸው ሐኪም ነው፤ ወረቀት ግን የላቸውም። ከእነሱ ስድስቱን መርጦ ቤጂንግ ሰዶ ሊያስተምር ፈለገ። የስድስቱ መሪ እትዬ ምሕረት ነበሩ። አዲስ አበባ ያደጉ፣ የነርስነት ትምህርታቸውን አቋርጠው በረሃ የገቡ፣ በሥራ ላይ ቀልድ የማያውቁ ሴት ናቸው።

ወዲ ገብሩ እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት ስድስቱን ለሦስት ሳምንት ቻይንኛ እንዳስተምራቸው አዘዘኝ። ሰላምታ፣ የሰውነት ክፍሎች፣ “እዚህ ጋ ያምሃል?” የሚለውን። እትዬ ምሕረት ከሁሉም ፈጠኑ። በመጨረሻው ቀን “ሌላስ ምን ያስፈልገናል?” አሉኝ።

“ካፖርት፤” አልኳቸው። “ቤጂንግ አጥንት ይሰብራል። አሁኑኑ ያሰፉ።”

እሳቸውም ከአንድ ሽማግሌ የጣልያን ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄደው ጥቁር ሰማያዊ፣ ትልልቅ ቁልፍ ያለው የሱፍ ካፖርት አሰፉ። አስመራ ላይ ማንም የማይለብሰው ዓይነት ነበር።

የስብሰባው ቀን ደረሰ። የቻይናዎቹ መሪ ጸጉራቸው የነጣ ዶክተር ነበሩ። ሆስፒታላችንን ዞረው አይተዋል፤ የተኙትን ሰዎች እጅ እየያዙ። ንግግራቸውን ሲጀምሩ በልጅነታቸው ወንድማቸው ሐኪም አጥቶ እንደሞተ አወጉ። እዚያ ክፍል ውስጥ ያላዘነ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲ ገብሩ ተራው ደረሰና በትግርኛ እንዲህ አለ፦

“ሐኪሞቻችሁ ይምጡ፤ እናመሰግናለን። ነገር ግን ስድስቱ ልጆቻችን ቤጂንግ ሄደው የማይማሩ ከሆነ ሐኪሞቹም አይምጡ። ሐኪም ይመጣል፣ ይሄዳል። እውቀቱ እዚህ ካልቀረ እኛ የሚተርፈን እንግዳ መሸኘት ብቻ ነው።”

“ስድስቱ” ሲል ጠረጴዛውን በጣቱ መታ።

እኔ አፌን ከፈትኩ። እኚያን ሽማግሌ አየኋቸው። ወንድማቸውን አስታውሰው ዓይናቸው ገና እንደረጠበ ነው። ይህን የመሰለ እንግዳ ቤቴ ጠርቼ፣ ሻይ ፊቱ አስቀምጬ፣ “አትምጣ” ልበለው? ይሉኝታ ያዘኝ። በአሳዳጊ የተቀጣ ሰው እንግዳን እንዲህ አይልም። የወጣልኝ ይህ ነው፦

“ሐኪሞቻችሁ መምጣታቸው ደስታዬ ነው። ስድስት ልጆቻችን ቤጂንግ የመማር ዕድል እንዲያገኙ ደግሞ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ምስጋናዬም ይበዛል።”

ሽማግሌው ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ወዲ ገብሩም ፈገግታውን አይቶ ቃሉ የደረሰ መሰለው። በሁለቱም ፈገግታ መሐል የተቀመጥኩት እኔ ብቻ ነበርኩ የማውቀው።

ኮሪደሩ ላይ ጋሼ ሱን ደብተራቸውን ገለጡ። ትግርኛ አያውቁም፤ ሰው ግን ያውቃሉ።

“ሺያኦ ተስፋይ፤” አሉኝ፤ “አለቃህ ‘ስድስት’ ሲሉ ጠረጴዛ መቱ። ተስፋ የሚያደርግ ሰው ጠረጴዛ አይመታም። ደግመህ አስብ።”

ያኔ ልመልሰው እችል ነበር። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። “ጋሼ ሱን፣ አለዝቤዋለሁ፤ እንመለስ” ማለት ብቻ ነው። ግን ሁለት ዓመት ካስተማሩኝ ሰው ፊት አፈርኩ።

“እንዳልኩት ነው።”

“እርግጠኛ ነህ?”

“እርግጠኛ ነኝ።”

እርሳሳቸውን ትንሽ አየት አደረጉ። ከዚያ ጻፉ። ቃለ ጉባኤው “ኤርትራውያኑ ተስፋቸውን ገለጹ” በሚል ተፈረመ።

ሐኪሞቹ መጡ። ደጎች ነበሩ፤ ብዙ ሰው አዳኑ። የስድስቱ ጉዳይ ግን ወሬው የለም። ወዲ ገብሩ ሁለት ወር ጠበቀና ጠራን፤ እኔን፣ ጋሼ ሱንንና አንድ የእነሱን ባልደረባ። ቃለ ጉባኤው ተነበበለት።

“ተስፋ?” አለ። “እኔ ተስፋ አላደረግኩም። ቁርጡን ነው የተናገርኩት። ማን ነው የሳተው?”

ጋሼ ሱን ከእኔ ቀደሙ። “ክቡር ሆይ፣ ስሕተቱ የእኛ የአስተርጓሚዎቹ ነው። ያልገባኝን ደግሜ መጠየቅ ነበረብኝ።”

ወዲ ገብሩ ወደ እኔ ዞረ። “አንተስ?”

“አዎ፤” አልኩ፤ “የሁለታችን ነው።”

ሙሉ በሙሉ የእኔ ከሆነው ጥፋት ግማሹን ወሰድኩ። ግማሹን እኚያ አዛውንት ተሸከሙት፤ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ማለዘቤ አይደለም፤ ይሄኛው ነው።

የዚያ ዓመት የትምህርት ቦታ ለሌላ አገር ተሰጥቶ ነበር። ለሚቀጥለው እናያለን ተባለ። በሚቀጥለው ሌላ ሌላ ጉዳይ መጣ፤ ከዚያ ጦርነቱ መጣ። አዲሱ ደንብ ወረቀት የሌለው ሰው ቀዶ ጥገና ክፍል እንዳይገባ አለ፤ ደንቡ ልክ ነው። እትዬ ምሕረትን ካርድ ክፍል አስቀመጧቸው። ያ እጅ የበሽተኛ ካርድ ሲያወጣና ሲያስገባ ዋለ።

ጋሼ ሱን የሥራ ጊዜያቸው አልቆ ሲመለሱ አውሮፕላን ማረፊያ ሸኘኋቸው። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሡ።

“እኔን አትጠይቀኝ። እኔ ቤጂንግን አይቼዋለሁ። ያላዩትን ጠይቅ።”

ቴርሞሳቸውን አንጠልጥለው ገቡ። ዳግመኛ አላየኋቸውም።

ከዚያ በኋላ ባለው ጊዜ አንዲት ቃል አለዝቤ አላውቅም። ወዲ ገብሩ የተሳደበውን ስድብ እንደ ስድብ አድርሻለሁ። “ደረቁ” የሚል ስም ወጣልኝ፤ ተቀበልኩት። ለስድስቱ ግን አልነገርኩም። ወዲ ገብሩም ከሞተ ቆይቷል፤ ሙሉውን ሳያውቅ ነው የሞተው።

ካልጋሪ የመጣሁት በባለቤቴ ወንድም በኩል ነው። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ቤልትላይን ሰፈር አንድ የመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ ቲኬት ስቆርጥ አሳለፍኩ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ከፎቅ ወደ ፎቅ በሚያሻግረው፣ ፕላስ ፊፍቲን በሚባለው ድልድይ ስሄድ፣ ሱፍ የለበሱ ሁለት ቻይናውያን መንገድ ጠፍቷቸው እርስ በርስ ይጨቃጨቃሉ። በቻይንኛ “ሁለተኛውን ድልድይ ወደ ግራ” አልኳቸው። የቻይና ገንዘብ የገባበት የዘይት ኩባንያ ሰዎች ነበሩ። በወሩ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ጠረጴዛ ነበረኝ። ያ መንገድ የጠፋበት ሰውዬ፣ ሚስተር ጉኦ፣ እስከ መጨረሻው አለቃዬ ነበር።

እትዬ ምሕረት ካልጋሪ ሲመጡ መጀመሪያ ያወቅሁት ካፖርታቸውን ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ፣ በዚያ አጥንት በሚሰብር ብርድ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ትልልቅ ቁልፍ። “ተስፋይ!” አሉኝ አቅፈውኝ። “አየህ? ለካ ለካልጋሪ ነው ያሰፋሁት።” ሳቁ። የአዛውንቶች ቤት ውስጥ ኬር ኤይድ ሆነው ይሠራሉ፤ አልጋ ላይ የዋሉ ሰዎችን ማገላበጥ፣ ማጠብ። የጥንቱ ጨዋታ በተነሣ ቁጥር “ቻይናዎቹ ከዱን” ይላሉ። እኔ ሻዬን አማስላለሁ። ስንት እሑድ አማሰልኩ።

ዳውንተርኑ፣ ያ የዘይቱ ውድቀት፣ ሲመጣ ከሥራችን ሰው በየሳምንቱ ይቀንስ ጀመር። አንድ ማለዳ ሚስተር ጉኦ የፎቁን ሰው ሁሉ ሰበሰበ። እኔ ከኋላው ባለችው ወንበር ተቀመጥኩ። ከመጀመሩ በፊት የሠራተኛ ጉዳይዋ ሴት ጠጋ ብላ “ትንሽ ለስለስ አድርግላቸው፤ ሰዉ ተጨንቋል፤” አለችኝ። ክፋት የላትም፤ አዝና ነው። ሚስተር ጉኦ በቻይንኛ ባጭሩ ተናገረ። እኔም በእንግሊዝኛ እንዲህ አልኩ፤ “ይህ ፎቅ በወሩ መጨረሻ ይዘጋል። ማንም አይተርፍም። ይመለሳል ብላችሁ አትጠብቁ። ይህን የምነግራችሁ እኔ ራሴ ስላዘንኩ ነው።” የራሴን ስንብት በራሴ አፍ፣ በሌላ ሰው “እኔ” ተናገርኩ።

ሴትዮዋ ዓይኗን ጨፈነች። ከሰዓት በኋላ ዳግ የሚባል፣ ከአጠገቤ የሚቀመጥ ኢንጂነር፣ ጠረጴዛዬ ጋ መጣና ቆመ። ሳስካቱን በሚባል ሌላ ከተማ ሥራ ቀርቦለት፣ ቤተሰብ እንዳያንገላታ ብሎ ያን ዕለት እምቢ ሊላቸው ነበር። “አለሳልሰህ ብትነግረኝ ኖሮ” አለኝ፤ “ተስፋ አድርጌ እቀር ነበር። አሁን ደውዬ እሺ አልኳቸው።” እጄን ጨበጠኝ።

ሳጥኔን ይዤ ሰባተኛው ጎዳና ላይ ባቡር ስጠብቅ የጋሼ ሱን ቃል መጣብኝ። ያላዩትን ጠይቅ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው እንዲያጠራልኝ ስጠብቅ ነው የኖርኩት። አንድ ሳምንት ከራሴ ጋር ተሟገትኩና ስልኬን አነሣሁ።

“እትዬ ምሕረት፣ ቤት አሉ?”

“አለሁ። ሺፍቴ ኢቭኒንግ ነው፤ ማታ ነው የምገባው። ምነው ድምፅህ? ታመሃል እንዴ?”

“የለም። ሌይ ኦፍ ሆኛለሁ።”

“እሱማ ከተማው በሙሉ ሆኗል። ና፣ ሾርባ አለ። መኪናህን ከጀርባ ፓርክ አድርግ፤ ከፊት የቅጣት ቲኬት ይሰጡሃል።”

ካስልሪጅ ያለው ቤታቸው ኩሽና ውስጥ ተቀምጠው የሥራ ልብሳቸውን ቁልፍ ይተክሉ ነበር። ክሩን በአንድ እጅ፣ በሁለት ጣት ቋጠሩት፤ ሐኪም ቁስል ሲሰፋ የሚቋጥረውን ቋጠሮ። ሾርባውን አልነካሁም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው፤ የወዲ ገብሩን ንግግር፣ የእኔን፣ ኮሪደሩን፣ ግማሹን መውሰዴን። ምክንያት አላበዛሁም። “ይሉኝታ ያዘኝ፤ ከዚያ አፈርኩ” አልኩ፤ ሌላ የለኝም።

መርፌያቸው ቆመ።

“ሃያ ዓመት ቻይናን ስረግም ዝም ብለህ ሰማኸኝ?”

“ሰማሁ።”

“ካፖርቱን ያሰፉ ያልከኝ አንተ ነህ።”

“እኔ ነኝ።”

“ስድስት ነበርን። ሁለቱ ሞተዋል። ለእነሱስ ማን ይነግራል?”

“ለቀሩት ሦስቱ እኔ ራሴ ደውዬ እነግራለሁ፤ ቁጥራቸውን ይስጡኝ” አልኩ። እትዬ ምሕረት ወደ መስኮቱ ዞሩ። ዓይናቸው ሞላ፤ ግን አልፈሰሰም። እንዲወጡብኝ፣ እንዲያባርሩኝ ጠበቅሁ፤ ተነሥቼ ልሄድም አሰብኩ። አልሄድኩም። ዛሬ እንደዚያን ቀን ኮሪደር ነገሩን ሳላጠራ አልወጣም ብያለሁ።

ከመስኮቱ ሳይመለሱ “እስቲ በላት” አሉ።

“ምኑን?”

“እሱ ያለውን። ያን ቀን ማለት የነበረብህን። በቻይንኛ በላት።”

ተነሣሁ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ እግሬ ራሱ ወስዶኝ ከወንበራቸው ኋላ ቆምኩ። ከዚያ ተናገርኩ፤ በወዲ ገብሩ “እኔ”፣ ሳላለዝብ፣ “የማይማሩ ከሆነ ሐኪሞቹም አይምጡ” የሚለውን ሳላስቀር፣ “ስድስቱ” ላይ ልክ እሱ ጠረጴዛ እንደመታበት አጥብቄ። ሾርባው ላይ ያለው ክዳን ይንቀጠቀጣል።

እትዬ ምሕረት አንገታቸውን ሳያዞሩ ሰሙኝ። ስጨርስ ትንሽ ጠበቁ፤ የሚቀጥል መስሏቸው ነው።

“ይችው ናት?”

“ይችው ናት።”

“አጭር ናት፤” አሉ።

ከዚያ መርፌያቸውን አስቀምጠው “ድገማት” አሉኝ።